ባለቤት ያጣው ፖስታ

ይህን የማጫውታችሁ ለምክር አይደለም፤ ምክር ቢሆን ኖሮ ቀድሜ ራሴ እሰማው ነበር። ነገር ግን ከመካከላችሁ በስብሰባ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ «ይህ ነገር አልገባኝም» እያለ እጁን የሚያነሳ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡለት። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላል የአገሬ ሰው። የኔ አፍ ግን ተዘግቶ አያውቅም፤ ዝንቡም አጥቶ አያውቅም። ባለቤቴ ዝናሽማ «እግዜር አንተን ሲሠራ ከእጅህ ጀመረ፤ ጭንቅላትህ ላይ ሲደርስ ሰንበት ገባበት» ትለኛለች።

የምንኖረው ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት ሃዮቨል ነው። እዚያ አንዲት ማኅበር አለችን። መንግሥት በዕብራይስጥ «ዓሙታ» ብሎ መዝግቧታል፤ እኛ የጠያቂዎች ማኅበር እንላታለን። የኛ ሰው ሲታመም እሱ ይተኛል እንጂ ሌላው አይተኛም። ጎረቤቱ፣ የአገሩ ልጅ፣ የአማቱ ዘመድ፣ አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ አብሮት የተቀመጠ ሳይቀር ሊጠይቀው ይሄዳል። ያልሄደ ሰው ወየውለት፤ በሽተኛው ድኖ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያነሳው «እገሌ ሳይመጣ ቀረ» የሚለውን ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ለአንድ አልጋ ሁለት ጠያቂ ብቻ የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፏል። ለኛ ሁለት ሰው ማለት ገና በሩን የሚያንኳኳው ነው። የክፍሉ ዋና ነርስ ከሩሲያ የመጣች ቆፍጣና ሴት ናት፤ መጀመሪያ በዕብራይስጥ፣ ቀጥላ በሩሲያኛ፣ በመጨረሻ በእጇ ትናገረን ነበር። እኛም በአማርኛ ይቅርታ እየጠየቅን ሌላ ሰው እናስገባለን።

ማኅበሯ ገንዘብ አሰባስባ ከሆስፒታሉ ጋር ተስማማች። የአሮጌ ፍራሽ ማስቀመጫ የነበረ አንድ ክፍል ለጠያቂዎች ሰጡን። ወንበሩን እኛ ገዛን፤ የጽዳቷንና የአስተርጓሚዋንም ደመወዝ እኛ እንችላለን። ውሉ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል። የማኅበሯ ሒሳብ በየዓመቱ ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ መፈረም አለበት። ካልተፈረመ ፍራሾቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ይህ ክፍል ለሌላው ማረፊያ ነው፤ ለአክስቴ ለስንዱ ግን ቤቷ ነው። ስንዱ የእናቴ እህት ናት። ባሏ አጎቴ መኰንን ኩላሊቱን ታሞ እዚያው ሆስፒታል ከተኛ ብዙ ጊዜው ነው። እሷ የምትኖረው ፒስጋት ዘኤቭ፣ ከተማውን አቋርጦ ሌላኛው ጫፍ ሲሆን፣ ዕብራይስጥ «ቶዳ»፣ አመሰግናለሁ፣ ከማለት ውጪ አትችልም። ክፍሉ ሳይከፈት በፊት ሊፍቱ አጠገብ ደረጃው ላይ ኩርምት ብላ ትውል ነበር። ዘበኛው እየቀሰቀሰ ሲያስነሳት «ቶዳ» ብላው ወደ ታችኛው ደረጃ ትወርዳለች። አሁን ወንበር አላት፣ ሐኪሙ ያለውን የምትነግራት አስተርጓሚ አለች፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምትዘረጋበት ቦታ አላት። ያንን ክፍል ልዘጋው የደረስሁት እንግዲህ እኔ፣ የገዛ እህቷ ልጅ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጠቅላላው ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዡ አያ ፈረደ ተነሡና «ገባ፣ ወጣ፣ ቀረ፣ እግዜር ይመስገን» ብለው ተቀመጡ። አያ ፈረደ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሪፖርታቸው ሁልጊዜ ይቺው ናት፤ ሁልጊዜም ይጨበጨብላታል። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ማታ ማታ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ጀምሬ ነበር። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ማታ ደክሞኝ ግማሹን ትምህርት ተኝቼ ነው ያለፍሁት፤ አንድ ቃል ግን ይዤ ወጥቻለሁ፤ «ሽኪፉት»። ግልጽነት ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ያንን ቃል የሙጥኝ አልሁ። ቤት ውስጥ ወጡ ጨው ሲበዛበት ሽኪፉት፣ ልጆቹ ሲያመሹ ሽኪፉት እል ነበር። ዝናሽ «እስቲ መጀመሪያ የራስህን ኪስ ግልጽ አድርገው» ስትለኝ ርእስ እቀይራለሁ።

እጄን አነሣሁ። «ሽኪፉት የት አለ?» አልሁ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝና «ተቆጣጣሪ ስንፈልግ ነበር፤ አገኘን» አለች። በማኅበራችን ታሪክ እንደዚያ የፈጠነ ምርጫ አልተደረገም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይህ ነው።

በማግስቱ አያ ፈረደ ደረሰኞቹን በሙሉ ይዘውልኝ መጡ። የወንበሩ አለ፣ የሳሙናው አለ፣ የአስተርጓሚዋ አለ። ሳገላብጥ አመሸሁ፤ ስሕተት አጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ተቆጣጣሪ ስሕተት ካላገኘ ምኑን ተቆጣጠረ ይባላል? ደግሜ ስደምር ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ገንዘቡ አልጎደለም፤ ተርፏል። ሒሳብ ጎደለ ቢባል ሌባ ይፈለጋል፤ ተረፈ ሲባል ማን ይያዛል?

ነገሩ ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የመዋጮ ሳጥን ነው የመጣው። በየወሩ ሳጥኑ ሲከፈት ከሳንቲሙ፣ ከአሮጌ የአውቶቡስ ቲኬቱና ማን እንደሚጨምረው ከማይታወቀው የኮት ቁልፍ መካከል አንድ ነጭ ፖስታ ይገኛል። ውስጡ ደህና ገንዘብ አለበት። ስም የለበትም። አያ ፈረደ በለጋሾች ዝርዝር ላይ በስም ቦታ «የእግዜር እንግዳ»፣ በአድራሻ ቦታ ደግሞ «እግዜር ያውቃል» ብለው ሞልተዋል።

ይህንን ወደሚፈርምልን ሒሳብ አዋቂ ወሰድሁት። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ተርጉሜ ሳነብለት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህ እግዜር ያውቃል የተባለው ጎዳና የት ነው? ቃታሞኒም ሰፈር ውስጥ ነው?» አለኝ። ሳስረዳው አልሣቀም። ከተወሰነ መጠን በላይ የሚሰጥ ለጋሽ ስሙ መጻፍ አለበት፣ ሕግ ነው፣ ከፋሲካ በፊት ስም ካላመጣህ አልፈርምም አለ። አልፈረመም ማለት ወረቀቱ የለም፤ ወረቀቱ የለም ማለት ክፍሉ የለም። ይህን ያወቅሁት እጄን ካነሣሁ በኋላ ነው።

ሮጬ አያ ፈረደ ዘንድ ሄድሁ።

«ይህን ፖስታ የሚጨምረው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሳጥኑን ስከፍት አገኘዋለሁ።»

«አንድም ቀን አልጠየቁም?»

«ልጄ፣ የወሰደ ይጠየቃል። የሰጠ ምን ተብሎ ይጠየቃል?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? «አያ ፈረደ፣ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ጥርጣሬ ያመጣል» አልኋቸው። ጥርጣሬ የምትለውን ቃል ከአፌ እንዳወጣኋት ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ፣ አልጋቸው ላይ ወጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። በቃ ታመሙ። ሐኪሙ ደም ብዛት አለ፤ ሰፈሩ ግን የበሽታውን ስም ያውቀዋል፤ የበሽታው ስም እኔ ነኝ።

አያ ፈረደ ታመሙ ሲባል ደግሞ ምን እንደሚሆን ነግሬአችኋለሁ። ከየሰፈሩ ሰው ጎረፈ። ደረጃው ከታች እስከ ላይ ጠያቂ ተሞላ፤ የሕንጻው ነዋሪዎች ወደ ቤታቸው መግቢያ አጡ። እኔስ? ልቅር ብል «አሳምሞ አልጋ ላይ ጥሏቸው ሊጠይቃቸው እንኳ አልመጣም» ሊባል ነው። ልሂድ ብል በምን ፊቴ? ብርቱካን ገዛሁና ሄድሁ። ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ተከፍሎ አሳለፈኝ፤ አከበሩኝ ብዬ እንዳልጽናና ዓይናቸው ሌላ ነበር። ባለቤታቸው በር ከፍተው ብርቱካኑን ተቀበሉኝና «ግባ፣ ሥራህን እይ» አሉኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። «እንዴት ዋሉ አያ ፈረደ?» አልሁ።

«ቁጥጥሩን ጨረስህ?»

«ገና ነው።»

ወደ ግድግዳው ተመልሰው ረዘም አድርገው አቃሰቱ። ሽማግሌዎቹ እዚያው ተመካከሩና ፈረዱ። የፖስታውን ባለቤት አንተው ፈልግ፣ የፈረደንም ስም በጉባኤ ፊት አጽዳ አሉኝ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል የሚባለው ለኔ ነበር ለካ።

መላ መታሁ። እዚያው የጠያቂዎች ክፍል ገብቼ፣ ሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ጋዜጣ ዘርግቼ ልሰልል። ጋዜጣውን መሐሉ ላይ በሳሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሳደርግ አስተዋይ የሆንሁ ይመስለኛል።

ገና ከመቀመጤ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ «ማን ታመመብህ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«አጎትህ ነው?»

«እሱን ጠይቄ ወጥቻለሁ። ዝም ብዬ ነው የተቀመጥሁት።»

ዝም ብሎ ሆስፒታል የሚቀመጥ ሰው አለ? ሴትዮዋ ከጎናቸው ላለችው አንሾካሾኩ፣ እሷም ከጎኗ ላለው። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም በሐዘኔታ ያዩኝ ጀመር። ለካ «ራሱ ታሞ ነው፤ ለቤተሰቡ እንዳይነግር ደብቆ ነው፤ ጋዜጣውን እንኳ ቀዶታል፣ ዓይኑ አያይም» ተብሏል። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ጀመሩ፤ እኔን። አንዱ ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ፣ እግዜር ትልቅ ነው» ይለኛል። አንዷ በግድ አጉርሳኝ ታለቅሳለች። ጤነኛ ነኝ ብዬ ብምል «ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው» አሉ። ከአገር ቤት ጀምሮ የተኳረፍሁት ሰው ሳይቀር መጥቶ ይቅር ተባብለናል፤ በኋላ ጤነኛ መሆኔን ሲሰማ ይቅርታውን መልሶ ወሰደ።

ወሬው ቂርያት ሃዮቨል ደረሰ። ዝናሽ በታክሲ መጣች። ዝናሽ በታክሲ ስትሄድ በትዳራችን ታይቶ አይታወቅም፤ ልጆቻችንን ልትወልድ እንኳ በአውቶቡስ ነው የሄደችው። እያለቀሰች ገባች። በጋዜጣዬ ቀዳዳ አየኋት፤ እሷም በቀዳዳው አየችኝ።

«ምንህን ነው?» አለችኝ።

«ምንም አልሆንሁም፤ ቁጥጥር ላይ ነኝ።»

ሳልታመም በመገኘቴ እንደዚያ የሚቆጣ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። የታክሲውን ደረሰኝ ጭኔ ላይ ወርውራ «ይኸንንም መርምር» ብላ ወጣች። እሷን ልከተል ብድግ ስል፣ ሰው ሊያረጋጋኝ ሲከበኝ፣ ግርግር ሆነ። ግርግሩ ሲበርድ ሳጥኑን ባይ በስንጥቁ ውስጥ የፖስታ ጫፍ ነጣ ብሎ ይታያል። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አላየንም አሉ። እኔም የተቀደደ ጋዜጣዬን ይዤ ግድግዳው ሥር ተቀመጥሁ።

አክስቴ ስንዱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ለመሆኑ ይህን ፖስታ ለምን እንዲህ አጥብቀህ ያዝኸው?» አለችኝ። ነገርኋት። ስም ካልተገኘ እንደማይፈረም፣ ካልተፈረመ ክፍሉ እንደሚሄድ።

«ምን ሊያስቀምጡበት?»

«ፍራሽ።»

ጫማዋን ፈልጋ አደረገች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፤ እዚያ የምመልሳት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ሊፍቱ ወሰደችኝ።

«ብነግርህ ቃሌን አጠፋሁ፤ ባልነግርህ ክፍሉ ጠፋ» አለች። «የኢትዮጵያ መንገድ ሂድ። ከመኰንን ጎን ያለው አልጋ ላይ ተኝተው የዳኑ አንድ መነኩሴ አሉ። እኔ አልነገርሁህም።»

የኢትዮጵያ መንገድ መሀል ከተማ ነው፤ ከነቢያት ጎዳና ገባ ብሎ፣ በድንጋይ አጥር መካከል ያለች ጠባብ መንገድ። ከአጥሩ ጀርባ ክቡ ቤተ ክርስቲያንና የመነኮሳቱ ቤቶች አሉ። በሩ ላይ ስደርስ ሌላ ጭንቅ መጣብኝ። ኪፓዬን፣ የአይሁድ ቆቤን፣ ላውልቅ ወይስ እንዳደረግሁ ልግባ? አወለቅሁ። እንደ ከሐዲ ተሰማኝ፤ መልሼ አደረግሁ። እንደ ደፋር ተሰማኝ፤ አወለቅሁ። ግቢ የሚጠርጉ አንዲት እማሆይ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ አናትህን አሞህ ከሆነ ግባና ተቀመጥ» አሉኝ። አድርጌ ገባሁ።

መነኩሴው አባ ወልደ ማርያም አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው የሚሥቅ ሽማግሌ ናቸው። ዛፍ ሥር ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

«ከየት ነህ?»

«ከወገራ።»

«እኔ ደንቢያ። ጎረቤት ነን በለኛ።»

ነን። ድሮ በአገር ቤት ግን ጉርብትናችን ሌላ ነበር። የኛ አባቶች፣ ቤተ እስራኤሎቹ፣ ክርስቲያን እንዳይነካቸው «አትንኩኝ» ይሉ ነበር፤ የእነሱ አባቶች ደግሞ እኛን ቡዳ ናቸው ብለው ይሸሹን ነበር። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ወገን ተስማምቶ ይራራቅ ነበር ማለት ነው። ኢየሩሳሌም መጥተን አንድ ሩሲያዊት ነርስ ጎን ለጎን አስተኛችን።

ወደ ጉዳዬ ገባሁ። «አባ፣ በየወሩ ሳጥኑ ውስጥ ፖስታ የሚጨምሩት እርስዎ ነዎት?»

«መነኩሴ ገንዘብ ከየት ያመጣል?»

«እሱን ነው የምጠይቅዎት።»

«ወገራ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነበር ይላሉ?»

«አባ፣ አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።»

«አይ ልጄ፣ መዋሸት አልችልም፤ ስለዚህ አትጠይቀኝ።»

ስለ ሽኪፉት አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «ለማን ነው ግልጽ የሚሆነው?» አሉ።

«ለመንግሥት።»

«እግዜርስ?»

«እሱማ ያያል፤ ቅጽ አያስሞላም።»

«እንግዲህ እሱ ካየ ማን ቀረ?»

«ሒሳብ አዋቂው ቀረ፣ አባ።»

ሣቁ። ሣቃቸው ሲያልቅ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩ። «አንድ የማውቀው መነኩሴ ነበር» አሉ። «ታሞ ተኛ። ወንድሞቹ መነኮሳት ይመጡ ነበር፤ ግን ጥቂት ናቸው፣ ሽማግሎች ናቸው፣ ጸሎትም አለባቸው። የቀረውን ቀን ጣራ ሲያይ ይውላል። ከጎኑ ለተኛው ሰውዬ ግን ሕዝብ ነው የሚመጣለት። አንድ ቀን አንዲት ሴት ዞር ብላ ‹እርስዎስ እንዴት አደሩ?› አለችው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ሁለቱንም እየጠየቀ ይሄድ ጀመር። ጾም ነው ሲላቸው ሽሮ አመጡለት። ያ መነኩሴ ብራና ላይ ሥዕል ይሥላል፣ ለፈረንጅ ይሸጣል። ከዚያ ላይ ጥቂት ቢቆርስ ምን አለበት? ስሙ ከተጻፈ ግን እዚሁ ተመሰገነ፤ ወዲያኛው ዓለም በባዶ እጁ ይሂድ?»

ግን ፋሲካም ደርሷል። «አባ፣ ስም ካልተገኘ ክፍሉ ይዘጋል» አልሁ። «ያቺ እንዴት አደሩ ያለችው ሴት ደረጃ ላይ ልትቀመጥ ነው።»

ወደኔ ጠጋ አሉ። ከዚያ «ያ መነኩሴ ገንዘቡን ለአንተ ቢሰጥህና አንተ ለማኅበሩ ብትሰጥ ሕጉ ይከለክላል?» አሉኝ።

«አይከለክልም መሰለኝ። ግን ያለፈውስ?»

«ያለፈውንም ለአንተ ሰጥቶሃል። ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠልህ፤ አንተ አላወቅህም ነበር። ይኸው አሁን አወቅህ። ምን ታደርግበታለህ?»

«እኔማ... ለማኅበሩ እሰጣለሁ።»

«እግዜር ይስጥልህ። ስምህ ማን ነው?»

ነገርኋቸው።

«በል እሱን ጻፍ። ለማንም እንዳትናገር ደግሞ ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁ። ስንት ትምህርት ተኝቼ ያመለጠኝን ሒሳብ ደንቢያዊው መነኩሴ ዛፍ ሥር ዘጉልኝ። ሒሳብ አዋቂውም ስሙን አየ፣ አድራሻውን አየ፣ ፈረመ። ክፍሉ ተረፈ። እንዲህ ቀላል ሆኖ ይቀራል ብዬ ነበር።

ጉባኤው ተጠራ። ሪፖርቱን ማንበብ የተቆጣጣሪው ግዴታ ስለሆነ ቆሜ አነበብሁ። ሒሳቡ ንጹሕ ነው፤ አያ ፈረደ እንከን የለባቸውም አልሁ። እልልታ ሆነ። አያ ፈረደ ከአልጋቸው ተነሥተው መጥተው ነበር፤ ፊታቸው ፈካ። የፖስታው ባለቤት የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስሜን አጉረመረምሁ። «አልተሰማም» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እንዴት እንደሚያናድድ ያን ቀን ገባኝ። ደግሜ አነበብሁ።

አያ ፈረደ ብድግ አሉ። «ቆይ፣ ቆይ። የራስህን ፖስታ ማን ጨመረው ብለህ ነው እኔን አልጋ ላይ የጣልኸኝ?»

ቃል ገብቻለሁ። «ግልጽ እንዲሆን ብዬ ነው» አልሁ። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ይህ ግን ገና ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዝናሽ ተቀምጣለች። የልብስ ማጠቢያችን ከተበላሸ ቆይቷል፤ ገንዘብ የለም፣ በእጅሽ ታገሺ ብያት ነበር። በየወሩ ደህና ገንዘብ በፖስታ ስሰጥ መኖሬን ከገዛ አፌ ሰማች። ቤት ስንደርስ የቆሸሸ ልብሴን በሙሉ ሰብስባ ፊቴ አስቀመጠች። «ለጋስ ሰው» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ሰንበት አልፎ ሰንበት ሲመጣ አላነጋገረችኝም። ሰፈሩ ደግሞ ሀብታም መሆኔን ስላወቀ ለብድር ይሰለፍ ጀመር። የለኝም ስል «ደባቂ ነው፤ በፖስታውም እንዲሁ ሲደብቅ ነበር» ይሉኛል። አንድ ጎረቤቴማ «ሽኪፉት የት አለ?» አለኝ።

ወሩ ሲያልቅ አባ ወልደ ማርያም ዘንድ ሄድሁ። እማሆይ መጥረጊያቸውን ተደግፈው አባ ወደ ሌላ ገዳም ተልከው መሄዳቸውን ነገሩኝ። መቼ ይመለሳሉ ስላቸው የገዳም ነገር አይታወቅም አሉ። ሳጥኑ በተከፈተ ጊዜ ፖስታ አልነበረም። አያ ፈረደ ሰው በተሰበሰበበት፣ ቂማቸው በወጉ ሳይወጣላቸው፣ «ባለፖስታው፣ የዚህ ወር ቀረብን» አሉኝ። ሣቅሁ። አስተርጓሚዋ ግን አልሣቀችም፤ ደመወዟ ከዚያ ፖስታ ነበር የሚወጣው። እሷ ከሄደች አክስቴ የሐኪሙን አፍ እያየች ልትቀር ነው።

የትርፍ ሰዓት ሥራ ሠራሁ። ያገኘኋትን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ኪሴ ላይ ሸሽጌ ስወጣ ዝናሽ በር ላይ ያዘችኝ። ፖስታውን ከኪሴ አወጣች፣ ከፈተች፣ ቆጠረች፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አክስቴ ሁሉን ነግራት ኖሯል። ሴቶች ዘንድ ምስጢር የሚጸናው ጆሯቸው እስኪደርስ ነው። «መጀመሪያ ለምን አልነገርኸኝም?» አለችኝ።

«ቃል ገብቼ።»

«ሞኝ» አለች። ከመቀነቷ የራሷን ጨምራ ፖስታውን አሸገችው። ካኮረፈችኝ ወዲህ የጠራችኝበት የመጀመሪያ ስም ሞኝ መሆኑ ደስ አለኝ።

ሆስፒታል ስደርስ የጠያቂዎች ክፍል ጢም ብሏል። ፖስታዬን እንዳያዩብኝ ሰው እስኪሣሣ ልጠብቅ አልሁ። ስሜ ይፋ ቢወጣም አሁን የምሰጠው የራሴ ነው፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ አፈርሁ። ግን የኛ ሰው ሣስቶ ያውቃል? አንዱ ሲወጣ ሦስት ይገባል። ሳጥኑ ሥር እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምሁ። ብዙ ቆምሁ። አክስቴ ስንዱ እግሯን ዘርግታ ወሬ ታወራ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ኪሴን አየች። ከዚያ እጇን ጨብ ጨብ አደረገች።

«በሉ ዞር በሉ» አለች።

ክፍሉ በሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰሐን የያዘው ሰሐኑን እንደያዘ፣ ጉርሻ የዘረጋችው ጉርሻዋን እንደዘረጋች፣ ወሬ የጀመረውም አፉን እንደከፈተ። ከሁሉ ቀድማ የዞረችው ጫጫታ በዛ ብላ ልትቆጣን ገብታ የነበረችው ሩሲያዊቷ ዋና ነርስ ናት፤ ያለ አስተርጓሚ ነው የገባት። ያን ቀን ሁሉም «አላየንም» ያሉኝ እውነታቸውን ኖሯል። ፖስታውን ጨመርሁ።

«ጨረስህ?» አለች አክስቴ ወደ ግድግዳው እንደዞረች።

«ጨረስሁ።»

ሁሉም ተመለሱ፤ ጉርሻው አፍ ገባ፣ ወሬውም ካቆመበት ቀጠለ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ገና አሁን ያዩኝ መስለው እጃቸውን ዘረጉልኝና «ውይ፣ አንተ ደግሞ መቼ መጣህ?» አሉኝ።